በስልክ የመጣ መርዶ

ለልጄ ሮሆቦት፤ ጌታ በሰው አገር በክንፉ ጥላ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍኖ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው።

ማክሰኞ ንጋት ላይ የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ የሚመጣው ለመርዶ ስለሆነ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮህኩ። ፎቶሽን ከሻማ ጋር ስልካቸው ላይ አይተው ኖሯል። የቴሌቪዥኑ ዜና አንባቢ ቢሳሳት በማግስቱ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ ይሄንን የለጠፈውን የት አግኝቼ ልጠይቀው?

ከሰዓት ስትደውዪ ሳቅሽን ሰማሁ፤ መልክሽንም አየሁ። ግን ስልክ ድምፅም መልክም አስመስሎ ይሠራል ይላሉ። ስለዚህ በእጅሽ ጻፊና በመንገደኛ ላኪልኝ። ቱላ ሳለን የሰበርሽውን የአባትሽን ሰዓት ሁለታችን የት እንደቀበርነው ንገሪኝ። እሱ እስከ ዛሬ ሌባ እንደወሰደው ነው የሚያውቀው።

ጌታ የእጅ ጽሑፍሽን ያሳየኝ። ቦታውን እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ ልጄ ከሆንሽ ታውቂዋለሽ።

እናትሽ