ድስቱን ያመረረው እንጉዳይ

ለልጄ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ሌኦካዲያ ሌላ ነገር ብትጽፍልህ እንዳታምናት። «እጽፍለታለሁ፤ መጥቶ ወደ ከተማ ይውሰድህ» ብላ ስለዛተችብኝ ነው የቀደምኳት። ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ቤት ሠርታ በሰው ጉዳይ መግባት ለምዶባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ የስሜ ቀን፣ ማለትም በስሙ የተጠራሁበት ቅዱስ በዓል ነበር፤ እንደ ወጉ የእንጉዳይ ሾርባ ሠራሁ። እሷ ኬክ ይዛ መጣች፤ አውቶቡስ ነጂው የእህቴ ልጅ ኢሬክም መጣ። ገና የመጀመሪያውን ማንኪያ እንደቀመሱ ፊታቸው ተጨማደደ። ኢሬክ፣ «አጎቴ፣ ለስምህ ቀን ነው የጠራኸን ወይስ ልትገላገለን?» ብሎ ሳቀ። ቀመስኩት። እሬት ነው! መራራው እንጉዳይ ሰው አይገድልም፤ ግን አንዱ ከገባ ድስቱን በሙሉ ያበላሻል።

እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ እንኳ መራራ እንጉዳይ ይዤ ቤት ገብቼ አላውቅም። ስለዚህ ሌኦካዲያን፣ «ከራስሽ እንጉዳይ ቅርጫቴ ውስጥ ጨምረሽበት ነው» አልኳት። ብድግ አለች። «የእንጉዳይ ቦታህን ከገዛ ልጅህ የደበቅህ ሰውዬ፣ ቅርጫትህን ለኔ ታስነካለህ? ይልቅ ዓይንህን ታከም!» አለችኝና ኬኳን ይዛ ወጣች። ለስሜ ቀን ያመጣችውን ኬክ!

ዓይኔ ምንም አልሆነም። ደህና አምፖል ድሮ ቀረ፤ የዛሬው የሚያበራው ለራሱ ብቻ ነው። መስመሬ ከተንጋደደም ጥፋቱ የወረቀቱ ነው።

በቦታው ነገር አንተም ቂም እንደያዝክብኝ አውቃለሁ። በኛ መንደር ሰው የእንጉዳይ ቦታውን ለንስሐ አባቱ እንኳ አይናገርም። አባቴም አላሳየኝም፤ ጫካውን ብቻዬን ዞሬ ነው ያገኘሁት። አንተም እንደዚያው እንድታገኘው ነበር የፈለግሁት። አንተ ግን ተቀይመህ ከገበያ መግዛት ጀመርክ። ከገበያ! የኔ ልጅ!

አሁንም ተሳስቼ ነበር አልልም። ግን የመስከረሙ የመጀመሪያ ዝናብ እንደጣለ ና። አሮጌውን የባቡር ምልክት ምሰሶ አልፈን ወደ ጥዶቹ እንገባለን፤ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። አንተ ትለቅማለህ፣ እኔ ቅርጫቱን እይዛለሁ። እያንዳንዱን ስትነቅል እግሩ ላይ እንደ መረብ የተሸመነው መስመር ምን እንደሚመስል ጮክ ብለህ ንገረኝ። ነጭ ከሆነ ይግባ፤ ጠቆር ካለ መራራው ነው፣ ጣለው። ይህን የምልህ አንተ መማር ስላለብህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ለሌኦካዲያ መልስ አትጻፍላት። ስትመጣ ግን ኬክ ገዝተህ ስጣት፤ ከኔ ነው እንዳትላት።

ጠባቂ መልአክህ ከመንገድህ አይለይ፤ ከቤትህ ዳቦና ጨው አይጥፋ። ጣቢያው ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ከባቡሩ ስትወርድ ግን ዝም ብለህ እንዳትቆም፤ «አባዬ» ብለህ ጥራኝ።

አባትህ