«ለቤተሰብ ይሆናል» ተብሎ ለተጫነልን ፊልም የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ንጉሴ፣
መርሳ መናኸሪያ አጠገብ የፊልም ማስጫኛ ቤት ባለቤትና፣ ማንም ሳይሾምዎ የቤታችን የመዝናኛ ሚኒስትር፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ኮምፒውተርዎ ደህና ናችሁ? እኛ፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ የጫኑልንን ሁሉ አይተን እስካሁን በሕይወት አለን።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ፍላሼን ይዤ እየተመላለስሁ ትንንሽ ልጆችና አዛውንት አብረው የሚያዩት ፊልም እንዲመርጡልኝ ስለምንዎ፣ እርስዎም ቀና እንኳ ሳይሉ «ለቤተሰብ ይሆናል» እያሉ ሲሸኙኝ ስለከረሙ፣ ምስጋናዬ በጆሮዎ ብቻ የሚነገር አልሆን ብሎኝ ነው።

፩ኛ. ካርቱን ሁሉ የልጅ ነው ብለው የሰጡኝ ፊልም ውስጥ አንገት የሚቀላው በሥዕል ብቻ ስለሆነ አመሰግናለሁ። ልጄ አሚር ግን ይህን ልዩነት ገና አልተረዳም፤ ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ ትቷል። እስከ በሩ የምሸኘው እኔ ነኝ።

፪ኛ. «የትዳር ፊልም ነው፣ ያስተምራል» ያሉኝ በእርግጥ አስተምሯል። ትንሿ ነሲባ ፊደል ሳትለይ ፍርድ ቤትን ለይታለች፤ አባቷ ከሥራው ቦታ ከሐራ በተመለሰ ቁጥር መቼ እንደምንፋታ በትሕትና ትጠይቀናለች።

፫ኛ. ይኼኛው ግን ሳቅ የለውም። አማቴ ሼህ ሚስባህ፣ የባለቤቴ አባት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሚኖሩበት ከግራና ከተማ እየመጡ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ፊልም ያዩ ነበር። ባለፈው እርስዎ የመረጡልን ፊልም መሃል ላይ ወንዱና ሴቷ ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ። እንግዳ ተቀምጦ ቴሌቪዥን መዝጋት «በቃ፣ ይነሱ» ማለት ነው ብዬ ሪሞቱን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። እሳቸውም በመሃል ተነስቶ መውጣት ምራትን ማሳፈር መስሏቸው አልተነሱም። እኔ ጣሪያውን አየሁ፣ እሳቸው ምንጣፉን አዩ፣ ልጆቹ ፊልሙን አዩ።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ሰው ስልክባቸው ጉልበታቸውን እንዳመማቸው ይናገራሉ፤ ያው ጉልበት ግን ገበያ ያደርሳቸዋል። ነሲባ ዛሬም ሐሙስ ሲደርስ ትራሳቸውን ግድግዳው ሥር አስተካክላ በሩን ታያለች። እኔ ምን ብዬ ልንገራት? አቶ ንጉሴ፣ የምሬን ነው፣ ጨንቆኛል። ልጆቼን ከአያታቸው ጋር የሚያስቀምጥ ሌላ ምሽት የለኝም።

ስለዚህ አንድ ፊልም ብቻ ይፈልጉልኝ። ማንም የማይታረድበት፣ ማንም የማይፋታበት፣ ሁሉም ልብሱን እንደለበሰ የሚያልቅ ይሁን። ስለ ዝናብ ቢሆንም፣ ቢያንቀላፋንም ግድ የለኝም። እሱን ካገኘሁ ግራና ወርጄ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ አመጣቸዋለሁ። ብቻ ከመስጠትዎ በፊት፣ እባክዎ፣ እርስዎ ራስዎ እስከ መጨረሻው ይዩት።

የመምረጥ ችሎታዎን አላህ ለጠላቶቻችንም ያካፍልልን እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በባዶ ፍላሽ እሰናበትዎታለሁ።

ቡርቱካን ኡበይደላ
የአሚርና የነሲባ እናት፣ መርሳ

ከፊርማ በኋላ፦ ለራስዎ ልጆች የሚጭኑትን ያንኑ እንዲገለብጡልኝ ብዬ፣ ባለቤትዎን ወይዘሮ ብዙነሽን ገበያ ላይ አግኝቼ ጠይቄያቸው ነበር። ቤታችሁ ቴሌቪዥን እንደሌለ፣ «ልጅ ያበላሻል» ብለው የከለከሉትም እርስዎ እንደሆኑ ነገሩኝ። ለካ ለቤተሰብ የሚሆነውን አሳምረው ያውቁታል።