ጣሪያ የሌለው እሽግ ክፍል

ሰኔ 16
ጠዋት አስተማርኩ። ስለ ዘር አቀማመጥ… የኮሌጃችን የዘር ማከማቻ ክፍል ጣሪያ ሳይኖረው! ተማሪዎቹ አልሳቁም፣ ጨዋ ናቸው። የቅዳሜው በረዶና ንፋስ የግቢውን ቆርቆሮ ግማሹን ገነጣጥሎ ወስዶታል። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን።

ከሰዓት በኋላ የጉዳት አጣሪ ኮሚቴ መጣ። የዘር ክፍሉን በር አሸገው። ወረቀት፣ ሙጫ፣ ማኅተም። «ግምቱ እስኪሠራ ማንም እንዳይገባ።» ዝናቡስ? ቀና ብሎ ጣሪያውን ያየ አንድ ሰው የለም። ሰባት የተማሩ ሰዎች!

ሰኔ 19
ዲኑ ዘንድ ሄድኩ፣ ዶክተር ታምራት። ከላይ የምንጥለው ሸራ እንኳ ይገዛልን አልኩት።
«የሚመጣው ዓመት በጀት በግማሽ ተቀንሷል፣ ታውቂያለሽ።»
«የዘንድሮውስ?»
«ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ቀሪውን ለአዳራሹ መጋረጃ አውለነዋል። ካልተጠቀምንበት ተመላሽ ነው።»
የመጋረጃ ብር ለሸራ አይሆንም አለኝ። የበጀት ርዕሱ ይለያያል። ሰውየው ዶክትሬቱን የሠራው በምግብ ዋስትና ላይ ነው… ምን እንዳጠና እንጃ።

ሰኔ 23
ዝናብ፣ ቀኑን ሙሉ። መጋረጃው ደረሰ። ቀይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ።

ሰኔ 27
እማማ ፈንታነሽ ከጉና ተራራ ሥር በእግራቸው መጡ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቁና ነጭ ገብስ የሰጡን እሳቸው ናቸው። እኛ አባዝተነው ስድስት ጆንያ ሆኗል፣ ያውም እሽጉ ክፍል ውስጥ። የሰሞኑ ዝናብ ጎርፍ የእሳቸውን ማሳ ከነዘሩ ጠርጎታል። ጎተራቸው ውስጥ የቀረ የለም። የገበያው ገብስ ደግሞ የጉናን ውርጭ አይችልም።
«ያችን ገብሴን ስጡኝ፣ ልጄ። ለሐምሌ ሥላሴ ካልዘራኋት ዘንድሮ አለቀልን። ልጆቼም ለቀን ሥራ ሊሰደዱ ነው።»
ዲኑ ዘንድ ይዣቸው ገባሁ። ከወንበሩ አልተነሳም። ለእኚህ አሮጊት!
«ማመልከቻ ያስገቡ። ኮሚቴው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይሰበሰባል።»
ሐምሌ አጋማሽ… የግብርና ኮሌጅ ዲን ነው እንግዲህ ይሄ።
እማማ ከወጣን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ታመው ነው እንዴ የማይነሱት?»


ሰኔ 30
የበጀት መዝጊያ ምሳ። ሁሉም አዳራሽ ውስጥ ናቸው። የሰኔ ጾም ነውና ሥጋ የለም፣ ከባሕር ዳር ዓሣ አስመጥተዋል። ጾመኞች!

የንብረት ክፍሉ ጌጡ መሰላል አመጣልኝ። ሁለቱ የእማማ ልጆች በጣሪያው ገቡ። ጆንያዎቹን በገመድ ጎትተን አወጣን። ሁለቱ ሻግተዋል፣ ትተናቸው መጣን። አራቱ ደኅና ናቸው። በአህያ ተጭነው በኋላ በር ወጡ። እሽጉን አልነካነውም።
ፈራሁ? አዎ ፈርቻለሁ። ከዚህ ሌላ እንጀራ የለኝም።

ሐምሌ 18
ኮሚቴው በመጨረሻ መጣ፣ እርዳታ ይሰጣሉ የተባሉ እንግዶች አስከትሎ። «ከአደጋው የተረፈ የዘር ሀብት» ሊያሳዩአቸው! ታምራት እሽጉን በክብር ቀደደው። ፎቶ ተነሱ። በሩ ተከፈተ። ውኃ፣ ሁለት የሸተተ ጆንያ፣ ሰማይ።
«ዘሩስ?» አለኝ።
«ተዘርቷል።»
እንግዶቹ ፊት ፈገግ ሊል ሞከረ።
ማምሻውን ደብዳቤ ደረሰኝ። ያለ ደመወዝ ታግጃለሁ። ማን እንዳገዘኝ ጠየቁኝ፣ የጌጡን ስም አልሰጠሁም።

ነሐሴ 20
እማማ ቤት ሰነበትኩ። ገብሱ ከጉልበቴ ደርሷል። ሳየው ደስ ይለኛል፣ ሌላ ቃል የለኝም። ልጆቹም አልሄዱም።

አረም ላይ ሳለን ስልኬ ጠራ። ታምራት! ድምፁ ማር ሆኗል።
«እንግዶቹ ገብሱ የተዘራበትን ማሳ ማየት ፈለጉ። የኮሌጃችን የዘር ማገገሚያ ማሳ ነው ብለናቸዋል። አንቺ ታስጎበኚያቸዋለሽ፣ እኛም እግዱን እናነሳለን።»
አጓጓኝ፣ አልዋሽም። የቤት ኪራዬ፣ ደመወዜ፣ ተማሪዎቼ… አንድ «እሺ» ብቻ ነው የሚፈለግብኝ። እማማን አየኋቸው። ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው አንድ በአንድ ይነቅላሉ።
«ማሳው የእማማ ፈንታነሽ ነው» አልኩት። «ማየት የፈለገ እሳቸውን ያስፈቅድ።»
ዘጋሁበት።
«ማን ነው?» አሉኝ እማማ፣ ጎንበስ እንዳሉ።
«ማንም አይደለም።»