በመቆያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ድድ

ለተከበሩ የጥርስ ክሊኒኩ ኃላፊ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከሁሉ በላይ ለድድዎ የተሟላ ጤንነት እየተመኘሁ፣ እጅግ ከባድ መርዶ ላረዳዎ ተገድጃለሁና እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። በመቆያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ በትልቁ ፎቶ ተነሥቶ የተሰቀለው ድድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ባለቤቱ ታላቅ እህቴ ናት።

ከአራት ዓመት በፊት ድዷ ሸሽቶ የጥርሷ ሥር ቢጋለጥ፣ ሐኪምዎ ከላንቃዋ ሥጋ ቆርጦ ሰፋላት። ፎቶው የተነሣው ክሩ በወጣ ዕለት ነው፤ እብጠቱ ገና ስላልጎደለ ሞላ ብሎ ያምር ነበር። ስለ ውበቱ ምስጋናዬን አስቀድሜ አቤቱታዬን አቀርባለሁ።

1ኛ. ድዱ ዓመት ሳይሞላው እንደገና መሸሽ ጀመረ። ምን እንዳስበረገገው ይጣራልኝ። እናንተ ዘንድ ሥራ የሚያልቀው ክር ሲወጣ ነውና፣ እስከ ዛሬ ጠርቶ እስቲ አፍሽን ክፈቺ ያላት የለም።

2ኛ. ሲብስባት በራሷ እግር መጣች። ሐኪምዎ አፏን ሳያይ ወደ ፎቶው እየጠቆመ፣ «ይኸው ድነሻል እኮ» አላት። ሰውን ከነአፉ አስቀምጦ ግድግዳ መመርመር ትልቅ ጥበብ ነው፤ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ስለሆንኩ አልገባኝም።

3ኛ. ይህቺኛዋ የግሌ ናት። በሰፈሬ የታወቅሁ አስቸጋሪ ቀልደኛ ነኝ፤ ሌላው ሰው ሲረግመኝ ከልቧ የምትስቅልኝ እሷ ብቻ ነበረች። አሁን ስትስቅ ነፋስ ጥርሷ ሥር እየገባ ያንዘፈዝፋታል። ሰሞኑንማ ገና አፌን ስከፍት፣ «በሞቴ፣ አታስቀኝ» ትለኛለች። እርስዎ ከሥራ ያፈናቀሉኝ መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ስለዚህ አንድ ቀን፣ ከግድግዳው ፋታ ሲያገኙ፣ አፏ እንዲታይላት፤ ይህ ከከበደ ግን ከፎቶው ሥር የተነሣበት ቀን እንዲጻፍልን እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

የግድግዳዎ የሥጋ ዘመድ፣
የታካሚዋ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደግሜ ሳነበው አጋንኜዋለሁ። የሸሸው ድድ ቢለካ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ይህችን ለምታህል ነገር የእርስዎን ያህል ሰው ማስቸገሬ አሳፍሮኛል። በጣም ትንሽ ነገር ባይሆንማ ኖሮ፣ ያን ሁሉ መብራትና መስተዋት ይዛችሁ እንዴት ትስቱት ነበር?