አባባ ከልባቸው ዙሪያ ውኃ ሲቀዳላቸው

ለውድ ወንድሜ ለቢያዝን ወልደ ሐዋርያት
አሰብ

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ? ባለቤትህ ፀሐይወርቅ፣ ሕፃኗ ወለላስ እንዴት ናቸው? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልህ የእውነቴን ነው፤ አባባም ጭምር። ይህን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለምና ሳትደነግጥ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ከመስቀል ወዲህ አባባ ማሕሌት ቆመው መዝለቅ አቃታቸው። እግራቸው አበጠ፤ ጋደም ሲሉም ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። እምዬ ከዘጌ በጀልባ ይዛቸው መጣችና ሆስፒታል አስገባናቸው። ራጅ ሲነሡ ልባቸው ዙሪያ ውኃ ቋጥሯል ተባለ። ዶክተር ክንዱ የሚባል ልጅ እግር ሐኪም፣ ውኃው ልባቸውን ስላፈናት በረጅም መርፌ መቀዳት እንዳለበት፣ መርፌው ግን ልብን ወይም ሳንባን ሊነካ እንደሚችል ሳይደብቅ ነገረን። አባባ ይህን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ስትወጋ ረጋ በል፤ ድጓውን ያስቀመጥሁት እዚያው ነው» አሉት።

ውኃው ተቀዳ፤ ትንፋሻቸውም መለስ አለ። ተመስገን ብለን ሳንጨርስ፣ ከሰዓት በኋላ ባንድ ጎን ደረታቸውን ውጋት ያዛቸው። ከንፈራቸው ጠቆረ። ቢያዝንዬ፣ ያን ጊዜ አለቀ ብዬ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አንተን እንዴት አድርጌ እንደማረዳህ አስብ ነበር። ለካ መርፌው የሳንባቸውን ጫፍ ነክቶት ኖሮ፣ ያፈተለከው አየር ደረታቸው ውስጥ ታምቆ ሳንባቸውን ተጭኖታል። ዶክተሩ ሮጦ መጥቶ በጎድናቸው በኩል ቱቦ አስገባላቸው። የቱቦው ሌላ ጫፍ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ስለገባ፣ እሳቸው በተነፈሱ ቁጥር ውኃው ይንተከተካል። ፊታቸው ወዝ ሲመለስለት ጠርሙሱን አይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በስተርጅናዬ ጋያ ማጨስ አስጀመሩኝ!» እምዬ እያለቀሰች ሳቀች።

ቱቦው ከወጣ በኋላ አንድ ጧት አልጋቸው ላይ ሆነው ዜማ ጀመሩ። እምዬ በመሠረተ ትምህርት የቆጠረችውን ፊደል ልታሳይ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ቀና ብላ እያየች «ጸ፣ ጥ፣ ታ ይላል፣ መሪጌታ!» አለቻቸው። በሽተኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትንፋሽ ሳያጥራቸው እስከ መጨረሻው ወረዱት። እኔም የዳንሁት ያን ስሰማ ነው።

አሁን እኔ ቤት ናቸው። ውኃውን ያመጣው ነቀርሳ፣ ቲቢ የሚሉት፣ ስለሆነ መድኃኒቱን ብዙ ወር ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው፤ ይህን እኔ እጠብቃለሁ።

እምዬ ዓይንህን ትስማለች። ባለቤቴ አለበል እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል። ፀሐይወርቅን ናፍቄያታለሁ በልልኝ። አባባም፣ ወለላን አምጥታችሁ ጉልበታቸው ላይ እንድታስቀምጡላቸው አዘዋል። እንግዲህ ከመሥሪያ ቤትህ ፈቃድ ጠይቅ፤ የምትመጣው ለጥምቀት ነውና ነጭ ልብስህን ያዝ።

እኅትህ የብርጓል
ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.