ቢላዬ የነካው ድኩላ

ሾላ፣ ግንቦት 8 ቀን 1991 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ባይሳ፣

እንደምን ከርመሃል? ዓለሚቱስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ፣ ፈዲላና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ወገቤ ብቻ ቆዳ አልሸከምም ብሎ ከእኔ ጋር ከተጣላ ሰንብቷል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በጣትህ እየተከተልክ ታነብ እንደነበር አጫውተኸኛል። ይህንንም ደብዳቤ ቁጭ ብለህ፣ በጣትህ እየተከተልክ፣ አንድ ቃል ሳትዘል እንድታነበው እለምንሃለሁ። ማን ይዞት እንደመጣ አሁን አትጠይቅ። ሰውየው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ወረቀቱን ብቻ ወደ ቤት ሊልክ ተስማምተናል።

ባለፈው ቅዳሜ ዓለሚቱን ሾላ ገበያ አገኘኋት። ከቢሊሴ ጋር በርበሬ ልትገዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ እንዴት አድጋለች! አፍንጫዋ ያንተ ነው፣ ምን ይደረግ፣ ሌላው ግን የእናቷ ነው። ሰላም ተባብለን ስንለያይ ዓለሚቱ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጅሬኛን ካገኘኸው ሰላም በልልኝ። ባይሳ እንዳይሰማ ብቻ" አለችኝ። ቢሊሴ ቀና ብላ ጅሬኛ ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ዓለሚቱ ልጅቷን ሳታያት፣ "የሰፈር ሰው ነው" አለቻት።

የገዛ ወንድሟን ነው እንዲህ ያለችው ባይሳ። እንዲህ ያስባልኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ፈዲላ አመመህ ወይ ብላ ግንባሬን ነካችኝ። የበሽታዬን ስም ዛሬ ልንገርህ።

እኔና አንተ የተገናኘነው በቆዳ ነው። ያኔ ትኖርባት ወደነበረችው ለሚ መጥቼ ቆዳ ስገዛ አንድ የድኩላ ቆዳ አቀረብክልኝ፤ ጥይቱ መሃል ጀርባውን በስቶታል ብዬ ዋጋ ሳጣጥል፣ በሚቀጥለው አብረኸኝ ውጣና የት እንደምመታ አንተ አሳየኝ አልከኝ። እንዲሁ ተጀመረ። አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቶ በላያችን ሲያልፍ ድኩላው እንኳ ለምዶት ቀና አይልም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አንጋጥጬ አንተን አስቅሃለሁ።

አንዳችን ያረድነውን ሌላችን አንበላም፤ ስለዚህ ተራ ገባን። አንድ ጊዜ አንተ በስመ አብ ብለህ፣ አንድ ጊዜ እኔ ቢስሚላሂ ብዬ። ባለተራው ሥጋውን ይወስዳል፣ ሌላው አብሮ ተሸክሞ ቤቱ ያደርሳል። ቆዳው ሁልጊዜ የእኔ ነበር። "ቆዳ ሃይማኖት የለውም" ትለኝ ነበር።

የአባትህን ሕግ ያስተማርከኝም አንተ ነህ። ያቆሰሉትን ሳያገኙ ቤት መግባት ነውር ነው። የወደቀ አውሬ ሲሰቃይ ቆሞ ማየት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር። የሌላ ሰው ግዳይ አይነካም፤ እርጥብ ቅጠል ከለበሰ ባለቤቱ ቅርብ ነው ማለት ነው። የመንግሥት ፈቃድ የሚባል ግን አልነበረንም። አባትህ ስለ ፈቃድ ያሉት ነገር ስለሌለ እኛም አልጠየቅንም።

ጥር 14 ቀን 1986ን አትረሳውም። በማግስቱ የቢሊሴ ክርስትና ነበር። በሬህ ሞቶብህ እጅህ አጥሮ ነበር፤ ጅሬኛ በግ ልስጥህ ቢልህ የልጄን ድግስ በሚስቴ ወንድም በግ አልደግስም ብለህ መለስክበት። የአባትህን ምንሽር አንግተህ ስትመጣ ፊትህ ላይ ያየሁትን ዛሬም አየዋለሁ። ተራው ያንተ ነበር።

ጥይትህ ዳሌውን መታውና ድኩላው ወደ ገደሉ ወረደ። አንተ በላይ በአፋፉ፣ እኔ በታች ደሙን ተከትዬ ሄድኩ። ከቁጥቋጦ ሥር አገኘሁት። የኋላ እግሮቹ አይሠሩም። በፊት እግሮቹ መሬቱን እየቧጠጠ ሊነሳ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ከዚያ ያየኛል። ሦስት ጊዜ ተጣራሁ፤ አልሰማኸኝም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ተራው የባይሳ ነው እያልኩ ጠበቅኩ። ነገር ግን ቢላ ሳይነካው ነፍሱ ብትወጣ ለአንተም ለእኔም በክት ነው፤ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ የሚያየው እኔን ነው። በመጨረሻ አልቻልኩም። አንገቱን ወደ ቂብላ አዙሬ፣ ቢስሚላሂ ብዬ አረድኩት።

በዚያ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። የምጸጸተው ከዚያ በኋላ ባለው ሁሉ ነው።

ቢላዬን በሣር ስጠርግ ድምፅህን ከላይ ሰማሁ። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ትደርስ ነበር። ቅጠል ቆርጬ አለበስኩትና ልነግርህ ሽቅብ ወጣሁ። ወላሂ፣ ልነግርህ ነበር የወጣሁት። አንተ ግን ገና ሳልደርስ ወደቀ ወይ አልከኝ፤ ወድቋል ስልህ ሁለቱንም ትከሻዬን ያዝክና፣ "ነገ ጅሬኛ ፊት ቀና ብዬ እቀመጣለሁ" አልከኝ። ስንወርድ በዓይኑ ያየዋል፣ እኔ መናገር የለብኝም አልኩ ለራሴ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ምክንያት አያጣም።

ስንወርድ ድኩላው የለም። ደሙ አለ፤ ቅጠሉ ጎን ተቀምጧል።

ይህን ለፈዲላም ነግሬያት አላውቅም። ድኩላው እንደተሰረቀ ሳይ ደስ አለኝ። አንተ ከጎኔ እንደ ልጅ ልታለቅስ ደርሰህ እኔ በሆዴ ተመስገን እያልኩ ነበር። ተንበርክከህ ደሙን አየህና ቢላዬ ነክቶት እንደሆነ ጠየቅከኝ። አልነካውም አልኩህ።

አንዲት ቃል ናት፤ ሌላውን ሁሉ አንተ ራስህ በላይዋ ሠራህበት። ሌባው ዕቃ እንደሰረቀ ሰው አልሮጠም፣ እዚሁ ተረጋግቶ አርዶታል አልክ። ቅጠሉንም አንስቶ ጎን አስቀምጦታል፤ ሕጋችንን የሚያውቅ ሰው ነው አልክ። ከዚያም የዚያኑ ዕለት ጠዋት ጅሬኛን በወንዙ መሻገሪያ ከአህያው ጋር ማየትህ ትዝ አለህና፣ እሱ ነው አልክ። ያ ተረጋግቶ ያረደው ሰው እኔ ነበርኩ ባይሳ። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ወደ እናንተ ስመጣ በጅሬኛ በር አለፍኩ። በግ አርዶ ሥጋውን ቅርጫት ውስጥ እያስተካከለ ነበር። ከነነፍሱ ብወስድለት ይመልሰዋል፣ የታረደ ግን አይመለስም እያለ ሳቀ። ስለ ድኩላው ምንም አልሰማም። ቆዳውን ከእጁ ገዛሁት፤ ገና ሙቅ ነበር። ጠቅልዬ በበቅሎዬ ጭነት ላይ አሰርኩትና ወደ ድግሱ መጣሁ።

የሆነውን ታውቀዋለህ፤ ግን ከእኔ ወንበር ሲታይ ምን ይመስል እንደነበር አታውቅም። ዓለሚቱ ለእኔ ብላ ለብቻ የበጠበጠችውን ብርዝ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ጅሬኛ ቅርጫቱን አምጥቶ እግርህ ሥር አስቀመጠ። ከፍተህ አየህ።

"ቆዳው የታለ?" አልከው።

"በግ ነው፣ ባይሳ።"

"ቆዳው የታለ አልኩህ።"

ያኔ ጅሬኛ ቀና ብሎ አየኝ። ቆዳው ደጅ በበቅሎዬ ላይ ነበር፤ ሠላሳ እርምጃ አይሆንም። ብነሳና ባመጣው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን በጉ በግ ከሆነ ድኩላውን ማን አረደው የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሳል፤ ያን ጊዜ ዓይንህ ወደ እኔ እንዳይዞር ፈራሁ። ብርዜን አየሁ። ጅሬኛ እየጠበቀኝ፣ አንተ እየጠበቅከው፣ እኔ ብርጭቆዬ ውስጥ የተንሳፈፈች የሰም ቅንጣት አያለሁ። ከዚያ ቅርጫቱን አንስተህ ሥጋውን ለውሻ ደፋኸው፤ ዓለሚቱ ልጅቷን አቅፋ ጓዳ ገባች። ጅሬኛ ዱላውን አንስቶ ወጣ።

በዚያው ዓመት ከሱ ጋር በአንድ ወንዝ ውሃ መቅዳት አስጠልቶህ ወደ እናትህ አገር ወደ ጨፌ ዶንሳ ሄድክ። ዕቃ ስጭንልህ ያልከኝን ታስታውሳለህ? "ያልከዳኸኝ አንተ ብቻ ነህ" አልከኝ። አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ስድብ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር።

ብዙ ጊዜ የማስበውን ልንገርህ። ቢላዬ ከነካው ጀምሮ ያ ድኩላ ለቢሊሴ ክርስትና መድረስ አይችልም ነበር። የተሰረቀው የእኔ ሥጋ ነው። አፍህ በማይነካው ሥጋ ነው ከሚስትህ ወንድም ጋር ያጣላሁህ።

ማክሰኞ ለሚ ሄድኩ። ጅሬኛ አርጅቷል፤ ጆሮውም ትንሽ ይከብደዋል፣ ስለዚህ ኃጢአቴን እየጮኽኩ ነው የተናዘዝኩት፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ስለ ቢላውም፣ ስለ ቆዳውም ነገርኩት። እስክጨርስ መሬት መሬት አየ። ያን ቀን ቆዳውን ያሕያ ገዝቶኛል ብለህ ለምን አልተናገርክም ብዬ ጠየቅኩት።

"ብናገር አንተንም ይጠረጥርህ ነበር፤ ከእህቴ ልጅ ክርስትና ሁለት ሰው ከሚባረር አንድ ይበቃል ብዬ ነው" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ነገ ይናገራል እላለሁ፣ ለፋሲካ ይናገራል እላለሁ። ሰው እንዲህ ይዘገያል ብዬ አላሰብኩም" አለ።

ቢላዬ እንደነካው ያኔውኑ ብነግረው ባይሳ ምን ይል ነበር ብዬ ስጠይቀው ግን ራሱን ነቀነቀ። ባይሳ ይቆጣ ነበር፣ ከዚያ ይስቅ ነበር፣ ልጅቷም በዳቦ ክርስትና ትነሳ ነበር አለ። አየህ፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅሃል። ወዳጄ ነህ እያልኩ ይህን ያህል እንኳ አላመንኩህም።

አብረን ወደ አንተ እንሂድ አልኩት። እምቢ አለኝ። "አንተ ጻፍ፣ እኔ አደርሳለሁ። መጀመሪያ ተራው የእኔ ነው፤ ያንተ ይደርሳል" አለ።

እንግዲህ ደብዳቤውን ማን እንዳመጣው አወቅክ። አጥርህ ውጭ ዱላውን ተደግፎ የቆመው ሰው ጅሬኛ ነው። እኔን ይቅር ለማለት አትቸኩል፤ እሱን ግን አታቁመው። ቢሊሴንም ይዘሃት ውጣና የእናቷ ወንድም መሆኑን በራስህ አፍ ንገራት፤ ከእናቷ አፍ የሰፈር ሰው ነው ሲባል ሰምታለች።

ብብቱ ሥር ጥቅል ይዟል። አልሸጥኩትም ባይሳ። አልፍቼ፣ ፈዲላ ምን ልታደርገው ነው ባለችኝ ቁጥር ሰበብ እየፈለግሁ፣ አምስት ዓመት ቤቴ አስቀመጥኩት። ነጭ ነው፤ ከአንገቱ በስተግራ ጥቁር ነጥብ አለው። ለቢሊሴ መቀመጫ ይሆናታል።

ቆዳው የታለ ብለህ ነበር። ይኸው።

ተራው እስኪደርሰው የሚጠብቅ ወንድምህ፣
ቆዳ ነጋዴው ያሕያ