መሳለሚያ ላይ የባሕር ሕግ ሲጠየቁ የኖሩት የአቶ አሸብር ይግዛው ሕይወት

አቶ አሸብር ይግዛው ከአባታቸው ከአቶ ይግዛው ወልደ ሐና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመተ ሥላሴ ምንይችል፣ በጎጃም፣ በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የዘጌን ቡናና ሎሚ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር እያሻገሩ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። አቶ አሸብር ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ከዚያችው ታንኳ ላይ ወድቀው አባታቸው በልብሳቸው ጎትተው አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ውኃን በሩቁ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ስለ መርከብ ሲያወሩ የኖሩት ሰው ዋና የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ከእኛ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሶደሬ ፍል ውኃ በሄዱ ቁጥር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ዳር ላይ ይቀመጣሉ፤ ግቡ ብንላቸው፣ ብንለምናቸው፣ ወይ ፍንክች።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዘጌ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም ባሕር ዳር እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1957 ዓ.ም. አሰብ ወደብ ይሠሩ የነበሩት አጎታቸው ወስደዋቸው ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው ወደብ የጭነት ተቆጣጣሪ ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አለቃቸው የባሕር ሕግ መጽሐፋቸውን አውርሰዋቸው ነበር። እንደ ዳዊት ደጋግመው አነበቡት። ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ ጋዜጣውም ሲቀደድ በላስቲክ አሰሩት። በ1970 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋርካብሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ሩታንና ወንድሟን ቢንያምን ወለዱ። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ ያንን መጽሐፍ ጣውንቴ እያሉ ይጠሩት ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቤተሰቡ አሰብን ለቆ አዲስ አበባ ገባ። ተክለ ሃይማኖት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልጉ ከቆዩ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. መሳለሚያ አካባቢ በሚገኝ አንድ የትራንዚት ድርጅት ተቀጠሩ። የነጋዴውን ዕቃ ከወደብ እስከ መጋዘን የሚያደርሰውን ወረቀት መጨረስ ነበር ሥራቸው። ወረቀቱን ለመጨረስ የሚመጣ ነጋዴ ግን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። መርካቶ ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ ዕቃው ግን ዘወትር ባሕር ላይ የሆነ ሰው የሞላበት ሰፈር ነው። አንድ ቀን አንዱ፣ አገራችን ወደብ ሳይኖራት የባሕር ሕግ ምን ያደርግልዎታል ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ባሕሩ ቢርቅ ዕቃው መምጣቱን አልተወም ብለው መለሱለት።

ከምሳ በኋላ ከድርጅቱ ሥር ካለችው ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፤ ጠያቂው ይሰበሰባል። የጭነት ሰነዱ ዋናው ቢጠፋስ ይሏቸዋል። ከእጅህ ያወጣኸው ቀን ዕቃህን ሰጥተሃልና እንደ ጋብቻ ወረቀትህ ያዘው ይላሉ። ዕቃዬ ተጎድቶ ቢደርስስ? ጉዳቱ በዓይን ካልታየ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስታውቅ፣ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ክሰስ፤ ዓመቱ ካለፈ እኔ ጋ ሳይሆን ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ። ከዝዋይ የመጣ አንድ ሰው፣ ከማዕበል በኋላ ባለቤት የሌላት ጀልባ አግኝቼ ቀለሟን ልቀይር ነው ብሎ ምክር ጠየቃቸው። ቀለሙን አስቀምጠህ መጀመሪያ ለመንግሥት አስታውቅ፣ ባለቤቷ ሲመጣ ለማዳንህ ዋጋህን ትጠይቃለህ አሉት። ዱንያ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ደግሞ ፈገግ ብላ ካፒቴን መርከብ ላይ ኒካሕ ማሰር ይችላል ወይ አለቻቸው። ካፒቴኑ የተወለደውንና የሞተውን መዝገብ ላይ ይጽፍልሻል፤ ለኒካሑ ግን ሼኽሽን ጠይቂ ብለው ሻይ ቤቱን በሳቅ አፈረሱት።

ሐጂ ፉርቃን የመጡበት ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። ሐጂ ቆርቆሮ አስመጪ ናቸው። ዕቃቸውን የጫነው መርከብ ማዕበል ገጥሞት ካፒቴኑ የሌሎች ሰዎችን ዕቃ ወደ ባሕር ጥሎ መርከቡን አተረፈ፤ የሐጂ ዕቃ አንድም ሳይነካ ደረሰ። ከዚያ ለተጣለው ዕቃ አንተም ድርሻህን አዋጣ የሚል ደብዳቤ መጣላቸው። የእኔ ዕቃ ደህና ነው፣ ለሰው ዕቃ የምከፍለው ምን ቆርጦኝ ነው እያሉ ደማቸው ፈላ። አቶ አሸብር አረጋግተው አስቀመጧቸውና፣ አይሱዙ ገደል አፋፍ ላይ ቢንሸራተት፣ ሹፌሩ ለማቅለል የሌላ ሰው ጆንያ ወርውሮ መኪናውን ቢያድን፣ የአንተ ጆንያ የተረፈው በማን ጆንያ ነው አሏቸው። ሐጂ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በማግስቱ ወንድማቸውን ይዘው መጥተው፣ ጋሼ እስቲ ያችን የአይሱዙዋን ነገር ለዚህም ንገሩልኝ አሉ።

ከትምህርታቸው ሁሉ አጥብቀው የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር። እኛ አገር ሰው ዕቃ ሲያመጣልህ፣ የደከመ ሹፌር ፊትህ ቆሞ፣ ኮንቴይነሩ ይከፈት ማለት ሰውየውን ሌባ ማለት ይመስላል። ስለዚህ ነጋዴው ሳያይ በደህና ተረክቤአለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ከፈረመ በኋላ ይከፍታል። አቶ አሸብር ይህን ልማድ አምርረው ይጠሉት ነበር። ከፍታችሁ ፈርሙ፣ ካልሆነም ሳይከፈት የተረከብነው ብላችሁ ጻፉበት፤ ፊርማና ይሉኝታ አይጋቡም እያሉ ለዓመታት ሲጮኹ ኖሩ። መሳለሚያ ላይ ይህን ያልሰማ ነጋዴ አልነበረም።

አሁን የምንጽፈውን ሳንጽፍ ብናልፍ ደስ ባለን ነበር፤ እሳቸው ግን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት ብለውናል።

ወዳጃቸው አቶ ኢስሀቅ በሸማ ተራ የክር ነጋዴ ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ሀፍሷ ሱቁን አልዘጋም ብለው፣ ለገና ሸማኔው የሚፈልገውን ክር ከሕንድ አዘዙ፤ ባላቸው የተዉላቸውን ሁሉ በአንድ ኮንቴይነር ላይ ጫኑት። ወረቀቱን ሁሉ በእጃቸው ለአቶ አሸብር ሰጡ። ይህ ጭነት ከተበላሸ ሱቁ ይዘጋል፣ አራት ልጆች ይበተናሉ። አቶ አሸብርም ይህን እንደራሳቸው ቤት ያውቁት ነበር።

ኅዳር 18 ቀን 1995 ዓ.ም. ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ገደማ ኮንቴይነሩ መጋዘኑ ደጃፍ ደረሰ። ወሩ ረመዳን ነበር፤ የገና ጾምም ገብቷል። ሹፌሩ ከጅቡቲ የመጡ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ከንፈራቸው በጾምና በመንገድ የደረቀ ሽማግሌ ነበሩ። አቶ አሸብር ኮንቴይነሩን እስከምናየው ይጠብቁን ሲሏቸው፣ ሽማግሌው ያልተነካውን ማኅተም በጣታቸው አሳይተው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እኔን ነው ወይ የምትጠረጥረኝ አሉ። ይህችው ናት። አቶ አሸብር ብዕራቸውን አወጡ። በደህና ተረክበናል በሚለው መስመር ላይ ፈረሙ። ሳይከፈት የሚለውን ቃል እንኳ አልጻፉም።

በማግስቱ ጠዋት ሲከፈት ክሩ ረጥቦ፣ ሻግቶ፣ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ደርቆበት ተገኘ። ጣራው ላይ ጥፍር የምታህል ዝገት የበላት ቀዳዳ ነበረች። አቶ አሸብር መሬት ብትከፈት ብትውጣቸው ደስ ባላቸው። ግን የሚያውቁትን ያውቃሉና ያንኑ ዕለት ለመርከቡ ወኪል የጉዳት ማስታወቂያ ጻፉ። ወኪሉ ፊርማውን አሳየ፦ በደህና ተረክባችኋል፣ የረጠበው በእናንተ መጋዘን ነው። አቶ አሸብር ክሩን ላቦራቶሪ ወስደው የባሕር ጨው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይዘው ተመለሱና፣ መርካቶ ጨው ዘንቦ አያውቅም ብለው አስቀመጡለት። ወኪሉ አልተበገረም፤ ዓመቱ ሳይሞላ ፍርድ ቤት ሄዱ።

በ1996 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሲመሰክሩ የመርከቡ ወኪል ጠበቃ፣ ከመፈረምዎ በፊት አይተው ነበር ወይስ አላዩም ብሎ ጠየቃቸው። አይቼ ነበር ቢሉ ሐሰት፣ አላየሁም ቢሉ ደግሞ በመሳለሚያ ያላቸው ስም ገደል መግባቱ ነው፤ የመሥሪያ ቤታቸው ሥራ አስኪያጅም ችሎቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። አቶ አሸብር ተነሥተው፦

«ሳልከፍት ነው የፈረምኩት። ሌላውን ሳስተምር የኖርኩትን እኔ አላደረግሁም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ የወ/ሮ ሀፍሷ አይደለም» አሉ።

ፊርማው የማይናወጥ ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ጨውና ቀዳዳው ከፊርማው እንደሚበልጡ ችሎቱ ተቀብሎ በ1997 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለወ/ሮ ሀፍሷ ፈረደ። ሱቁ ዳነ። አቶ አሸብር ግን የድርጅቱን ስም አጉድፈሃል ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ እዚያው መሳለሚያ ከአንድ ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው በግላቸው ሠሩ። የሚገርመው ጠያቂው አልቀነሰም፤ እንዲያውም የራሱን ጥፋት የማይሸፍን ሰው ነው እያለ ከቦምብ ተራ ድረስ የሚመጣ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተጠገነም። አቶ አሸብር በወ/ሮ ሀፍሷ ሱቅ ፊት ማለፍ አቆሙ። ሸማ ተራ ጉዳይ ካላቸው ሁለት መንገድ ዞረው በጀርባ ይገባሉ። ለወ/ሮ ሸዋርካብሽ ነጠላ ሲገዙ እንኳ ቢንያምን ይልኩ ነበር። በዚያች ሴት ልጆች ላይ የሠራሁት ፊቴ ላይ ይታየኛል ይሉ ነበር፤ ሱቁ ድኖ፣ ልጆቹ አድገው፣ አንደኛዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳለ እንኳ። ወ/ሮ ሀፍሷም ለበዓል ሰላምታ ይልካሉ እንጂ አይመጡም። እሳቸው የማይመጡት ለምን እንደሆነ ለቤተሰቡ አልገባውም ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ አቶ አሸብር በልብ ሕመም ወደቁ። ሐኪም ቤት ቆይተው፣ ቤቴ ውሰዱኝ ብለው ተክለ ሃይማኖት ወዳለው ቤታቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወ/ሮ ሀፍሷ በር አንኳኩተው ገቡ። ባለቤታቸውና ሩታ በተቀመጡበት፣ አልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ቁጭ እንዳሉ አለቀሱ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ይከፈት የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌውን አፈርኳቸው። ችሎት ፊት ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ሲሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ለልጆቼ ፈራሁ። በሱቄ ደጃፍ ማለፍ የተዉት ይህን አውቀውብኝ መስሎኝ ነበር።»

አሥራ ሦስት ዓመት ሁለቱ እርስ በርስ ተፋፍረው ኖረዋል። አቶ አሸብር ዐይናቸው እንባ ሞላ። እኛ ይቆጣሉ ወይ ብለን ፈርተን ነበር። እጃቸውን ዘርግተው፣ «አይ ሀፍሷ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ይዘሽው ኖርሽ?» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወ/ሮ ሀፍሷ ሱቃቸውን ለልጃቸው እየተዉ ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ከጎናቸው ሲቀመጡ፣ የሁለቱ ሳቅ እስከ ግቢው ይሰማ ነበር። በሕይወታቸው የመጨረሻ አምስት ሳምንት ያየንባቸውን ደስታ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት አላየንባቸውም።

አቶ አሸብር ይግዛው በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ጥር 27 ቀን 2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የአንዲት ሴት ባል፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዘመድ ወዳጆቻቸውና የመሳለሚያ፣ የሸማ ተራና የተክለ ሃይማኖት ነጋዴዎች በተገኙበት በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

መርዶው የተሰማ ዕለት ወ/ሮ ሀፍሷ ወደ ቤት መጥተው አንድ ነገር ለመኑን። ችሎት ላይ ሳልናገረው የቀረሁት ቃል ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይነበብልኝ፣ ጥፋቱ የእኔም ነበር በሉልኝ አሉ። ይኸው ወ/ሮ ሀፍሷ፣ በእርስዎ ፈቃድ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተነበበ።

አምላካቸው የአቶ አሸብርን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር በማረፊያው ያሳርፍ። ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ሸዋርካብሽ፣ ለልጆቻቸው ለሩታና ለቢንያም፣ ከእነሱም ጋር ዛሬ በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ከቤተሰቡ መካከል ለተቀመጡት ለወ/ሮ ሀፍሷ መጽናናትን ይስጥልን።